ሐረጎን በራሷ ሞተር

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ከኮምቦልቻ ተመለስኩ። ጉልበቴ አብጧል። ሚኒባሱ ውስጥ ከሰው በግ ጋር ተጣብቄ ነው የወጣሁት።

መኪናዋ እዚያው ናት። ጀማል የድሮውን ካርቡሬተር ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶታል። ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጠጣው እሱ ነው። ሆዱ ተሰንጥቋል። ለእንዲህ ያለች አሮጌ ጣልያን ሠራሽ መኪና ምትኩ አገር ውስጥ የለም፤ ከውጭ ይምጣ ቢባል ሌላ መኪና መግዛት ነው። ስለዚህ ከሞተር ሳይክል ላይ ሁለት ትንንሽ ካርቡሬተሮች ነቅሎ ሊገጥምላት አስቧል። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ጀማል ባሌ የወለደው ልጅ ነው። የእኔ አይደለም። ከዚህ በኋላ ጀ. ብዬ ነው የምጽፈው፤ ስሙን ሙሉውን ስጽፍ እጄም ይደክማል፣ ሆዴም ይሻክራል።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ፣ ጠዋት

ደብተሬ፣ ከትናንት ወዲያ ግማሽ ነገር ነግሬሽ ተኛሁ። ከሥሩ ልንገርሽ።

ሰይድ ባሌ ነበር። ደሴ እኔ፣ ኮምቦልቻ ጣውንቴ ፋጡማ። እኔ አልወለድኩም፣ እሷ ወለደች። ሳምንቱን ለሁለት ገምሶ በዚያች መኪና በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲወርድ ሲወጣ ኖረ። የሞተው ከእሷ ቤት ነው። መኪናዋም እዚያው ቀረች፤ ክረምት መጣ ክረምት ሄደ፣ ዝናብ ጠገበች። ያን ሰሞን ወረቀት አምጥተው አውራ ጣቴን ቀለም አስነከሩኝ። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ሐዘኔን ሳልጨርስ ማታ ትምህርት ገባሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከሀሁ ጀመርኩ። አሁን ማንም አያነብልኝም።

መኪናዋ የተገዛችው በእኔ በርበሬ ነው፣ ሰኞ ገበያ መሬት ላይ ተቀምጬ በሸጥኩት። ይህን የሚመሰክሩልኝ ሰዎች ሁሉ አፈር ሆነዋል። ሼህ ይመርና ሽማግሌዎቹ እንዲህ ፈረዱ፦ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ ሐረጎን በራሷ ሞተር ወጥታ ደጄ ከቆመች የእኔ ናት። ተጎትታ ከመጣች አይቆጠርም። ካልወጣች ለቆራሌው በብረትነቷ ተሽጣ ወራሾች ይካፈላሉ። ወራሽ ማለት ጀ. ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ፍርፋሪ።

የሚጠግናትስ? ጀ.! የሞተር ሳይክል ጥገና አለው፣ በነፃ እሠራለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ መረቁት። ሥጋ ለጅብ አደራ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ወርጄ አየሁ። ሁለቱ ካርቡሬተሮች ከተጣሉ ሞተር ሳይክሎች የተነቀሉ፤ እያንዳንዳቸው ጡጫ ያክላሉ። ጀ. ቶርኖ ቤት ብረት አስቆርጦ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቱቦ አሠርቷል። ግንዱ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፣ በየቅርንጫፉ አንድ አንድ ካርቡሬተር። መጋጠሚያው ከጭነት መኪና የውሃ ጎማ የተቆረጠ። ሁሉም ነገር ሰው የጣለው ነገር ነው።

ለምን እንደሚደክም ጠየቅሁት። «ትነሣለች» አለኝ። እኔ የጠየቅሁት ትነሣለች ወይ ብዬ አይደለም።

ፋጡማ ምሳ አቀረበች። ጾም ላይ ነኝ አልኳት። አልነበርኩም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ፣ ማታ

ገበያው ቀዝቃዛ። ጀ. ስልክ ደወለ። ሊያስነሣት ሲል ቤንዚኑ ገንፍሎ መሬት ፈሰሰ፤ እሳት ሳይነሣ በአላህ ተረፉ። የመኪናዋ ፓምፕ በኃይል ይገፋል፤ የሞተር ሳይክል ካርቡሬተር ግን ቤንዚን በራሱ ክብደት እየወረደለት ነው የለመደው። ፓምፑን አስወግዶ ከሞተሩ በላይ አነስተኛ የሞተር ሳይክል ቤንዚን መያዣ ሊሰቅልላት ነው።

ወሬው ገበያ ቀድሞኝ ደርሷል። ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ጎረቤቴ «ዘሃራ፣ መኪናሽ ከሞተር ሳይክል አረገዘች አሉ! ባጃጅ ትወልድ ይሆን?» ብላ መንደሩን አሳቀችብኝ። እኔም ካንቺ ሽንኩርት ቀድማ ትበቅላለች አልኳት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ተነሣች።

ኮምቦልቻ ነበርኩ። መጀመሪያ አነጠሳት፣ ከዚያ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ጉሮሮዋ ተከፈተ። ጀ. ቀጭን ጎማ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ካርቡሬተሩ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። አንዱ ከአንዱ አየር አብልጦ ከሳበ ሞተሩ ያነክሳል፤ ሲያፏጩ እኩል መሆን አለባቸው። እሱ ሲቸግረው ጎማውን ለእኔ ሰጠኝ። «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይስሙ፤ እኔ ጆሮዬን የብረት መፍጫ አደንቁሮኛል።» አዳመጥኩ። ቀኙ ይበልጣል አልኩት። ትንሽ ጠመዘዘ። አሁንም አልኩት። ደግሞ ጠመዘዘ። እኩል ሆኑ።

ደስ አለኝ ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ በፊት

ቁጭ ብዬ ልጻፍ።

ዛሬ ሞከርናት። ኮምቦልቻ ውስጥ እንደ ሙሽራ ሄደች። ዳገቱን ስትጀምርም ደህና። ሐረጎን ስታጋምስ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረች። ከፍ ባልን ቁጥር ባሰባት። ሳለች፣ ተንገዳገደች፣ መጨረሻው ኩርባ ላይ ቀጥ። ከኋላ የመጡት ሹፌሮች ጥሩንባቸውን ነፉ፣ አንዱ አሮጊቷን ኮሶ አጠጧት ብሎ አለፈ። መኪናዋን ማለቱ ይሁን እኔን አላወቅሁም።

ጀ. ከዚያው ወደ ኮምቦልቻ ተመለሰ፤ እኛን አይሱዙ ጎትቶ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አያ ታደሰ ጋራዥ ጣለን። አያ ታደሰ የሰይድ መካኒክ ነበር፣ ከሰባ ዓመት አልፏል። ካንዴላዎቹን፣ ቤንዚኑን የሚለኩሱትን፣ ፈታ። እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ቤንዚን አስምጧታል አለኝ፤ እንዲህ የሚያደርግ ወይ አላዋቂ ነው ወይ ነገር ያሰበ። ጀ. አላዋቂ አይደለም።

አያ ታደሰ ጅግለሮቹን ቀየረ። ጅግለር ማለት ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ፍሬ፤ ቀዳዳዋ የመርፌ ዓይን ናት። ጠበብ ያለውን አስገባ። ደጁ ላይ አስነሣት። ጭስ የለ፣ ሳል የለ፣ እንደ ንብ።

ታዲያ ይህ ምን ይባላል?

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ገበያ አልወጣሁም። ፍርዱ ከኮምቦልቻ ተነሥታ ትውጣ ስለሚል አያ ታደሰ ወደ ታች ነዳት። እኔ አብሬ አልሄድኩም። ያየውን ሲመለስ ነገረኝ፦ ቁልቁለቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሞተሩ ውስጡ ይንኳኳ ጀመር፣ ውሃው ፈላ፣ ቢረግጣት አልሄድ አለች። ጀ. ከጋራዡ ወጥቶ ጮኸበት። ቤንዚን አስርበህ ፒስተኗን ልታቀልጥ ነው፣ እንድትሞት ነው የምትፈልገው፣ ሞታ በርካሽ ልትገዛት ነው አለው። አያ ታደሰ «አባትህን እኔ ነኝ መሪ ያስያዝኩት» ብሎት ተመለሰ።

ጀ. የራሱን ጅግለር መልሶ ከቷል። ሁለቱ ሰዎች እየተፈራረቁ አንዱ የሠራውን አንዱ ያፈርሳል። አንደኛው ይዋሻል። የትኛው እንደሆነ መገመት አይከብደኝም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ሁለተኛ ሙከራ። ጀ. ብቻውን ነዳት፣ እኔ በሚኒባስ ተከተልኩ። ያው ሐረጎ። ያው ጭስ። ያው ኩርባ። ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ጎማዋን ያያል። ኮምቦልቻ ላይ ምንም አልነበራትም፣ ወላሂ ምንም አልነበራትም ይላል። እኔ ሚኒባስ አስቆምኩ፤ እሱ መኪናዋን ቁልቁል መለሳት።

ቅዳሜ ሳምንት ቀኑ ነው። ቆራሌው ዛሬ በደጄ አልፎ ሰላም አለኝ። ከዚህ በፊት ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

ተናገርኩ።

ከጁምዓ በኋላ ኮምቦልቻ፣ ሼህ ይመር ግቢ ሰው ሞልቶ። ልጁ መኪናዋን ያበላሻት ሆን ብሎ ነው፣ ለቆራሌው ሊሸጣት ነው፣ እውነተኛ ከሆነ ቁርዓን ይዞ ይማል አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሼህ ይመር ቀስ ብለው «ጀማል፣ ትምላለህ?» አሉት።

ለካርቡሬተር ቁርዓን አልነካም አለ። ከግቢው ማጉረምረም ተነሣ። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል የሚል ሰማሁ። ፋጡማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ትሸጥ፣ ዛሬውኑ ትሸጥ፣ ልጄን ተዉት አለች። ጀ. ጫማውን አድርጎ ወጣ። ማንንም አላየም፣ እኔን ግን አየ።

ሼህ ይመር ቀኑ አይገፋም አሉ። ረታሁ መሰለኝ። ደሴ ተመልሼ ምሳዬን ከድኜ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

አያ ታደሰን ለመንኩት፣ ሥራውን አንተ ጨርሰው ብዬ። ዛሬ ጠዋት ዕቃውን በከረጢት ይዞ ወረደ። ጀ. የጋራዡን ቁልፍ ለጎረቤት ትቶ ጠፍቷል፣ ስልኩ አይነሣም።

ማታውን እንጠብቅ።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

አያ ታደሰ ትናንት ሳይሆን ዛሬ ቀትር ላይ ነው የመጣው። ኮምቦልቻ አድሮ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለኝ፣ በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሻሻል።

ትናንት ጠባቡን ጅግለር ከቶ አስነሣት። ደሴ ላይ እንደ ንብ ያሰኛትን። ኮምቦልቻ ላይ ተንኳኳች፣ ፈላች። ዳግመኛ ፈታ፣ አጠበ፣ ከተተ። ያው። ሲመሽ በንዴት የጀ.ን ሰፊ ጅግለር መልሶ ከተተው። ዘፈነች።

«ዘሃራ፣ ልጁ አልዋሸም። እኔም አልዋሸሁም» አለኝ።

ነገሩ አየሩ ነው። ታች አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚን ብዙ ይፈልጋል። ደሴ ቀጭን ነው፣ ያው ቤንዚን ያሰምጣታል። ጀ. ለኮምቦልቻ አየር አስተካከላት፣ ሐረጎ ላይ ሰመጠች። አያ ታደሰ ለደሴ አየር አስተካከላት፣ ሜዳው ላይ ተራበች። የድሮው ካርቡሬተር ለሁለቱም ይችል ነበር፤ እነዚህ ትንንሾቹ ምሕረት የላቸውም። አያ ታደሰ ዕድሜውን ሁሉ ደሴ ላይ ሠርቶ ኮምቦልቻ ላይ መፍቻ አንሥቶ አያውቅም። ጀ.ም ደሴ ላይ አንሥቶ አያውቅም። ምክንያቱም ጀ. ደሴ አይመጣም። ጀ. ደሴ የማይመጣው እኔ ደጄን

ይህን ዛሬ አልጨርሰውም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ወረድኩ። ፋጡማ ቤት ገባሁ። ጋራዡ ድረስ እንጂ ከደጃፏ አልፌ አላውቅም ነበር።

በር ላይ ቆማ «መኪናዋን ፈልገው ነው የመጡት፣ ወይስ ልጄን?» አለችኝ። ጨዋነቷ ከስድብ ይከፋል። ሁለቱንም አልኳት። «አንዱን ይምረጡ እትዬ ዘሃራ፤ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዞ መኖር እኔና እርስዎ ያየነው ነው።» ልጅሽን አልኩ። ገባሁ።

ጀ. ጓዳ ነበር። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፣ እሱ ቆመ። አያ ታደሰ ያለውን ነገርኩት። ቶሎ ገባው፤ ግንባሩን በመዳፉ መታ፣ እንዴት አላሰብኩም፣ እንዴት አላሰብኩም ይላል። ከዚያ አስታወሰና ፊቱ ተዘጋ።

ተሳስቻለሁ አልኩት። ቃሉ እንደ አጥንት ነው የወጣው።

ለምን አልማልክም ስለው፣ ቁርዓን ቢነካ እኔ አምነው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላምነውም ነበር። ዋሽቶ ማለ ነበር የምለው። አወቀኝ።

ታዲያ በነፃ ለምን ደከምክ አልኩት፤ ብትሸጥ ይሻልህ ነበር። ወለሉን እያየ ነው የመለሰልኝ፦ «እኔ ይቺን መኪና የማውቃት ከኋላዋ ነው። ሁልጊዜ ስትሄድ። ስትመጣማ ተኝቼ ነው የምትመጣው። ከፊት ተቀምጬ አንድ ቀን ልውጣባት ብዬ ነው።»

ደብተሬ፣ እኔም ከኋላዋ ነው የማውቃት። አልነገርኩትም። ለአንቺ ብቻ።

ቅዳሜ ይሞክራል። ተስፋ አልሰጠኝም።

ኅዳር 27፣ ዓርብ

በዚያው ግቢ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው ድምፅ። ልጁ ንጹሕ ነው፣ ክፉው አፌ ነው አልኩ። ሼህ ይመር ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «ዘሃራ፣ አፍሽም እንደ በርበሬሽ ነው፤ ሲበዛ ያስለቅሳል» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ላቤ እስኪወርድ ቆምኩ።

ቀኑን ግፉልኝ ብዬ አልለመንኩም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ ማለዳ

ኮምቦልቻ። ፋጡማ ቤት አደርኩ፣ ሚኒባስ ማልዶ ስለማይገኝ። እንቅልፍ የለም። ጀ. እየነዳ፣ እኔ ከፊት፣ አያ ታደሰ ከኋላ ከመፍቻዎቹ ጋር። ሐሳባቸው ሐረጎን እስክታጋምስ በሰፊው ጅግለር መሄድ፣ እዚያ ቆሞ በጠባቡ መቀየር ነው። ጥሩንባ ነፋ። ይጠራኛል።

ያው ቀን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ

በተርታ ልጻፈው።

እስከ ሐረጎ ወገብ ደህና። ጭሱ ሲጀምር ጀ. ዳር አወጣት፣ አያ ታደሰ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ወተፈ። ጭጋግ ወርዷል። ጭነት መኪኖች በአጠገባችን እያጓሩ ያልፋሉ፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ሞተሩ ላይ አጎነበሱ። «ቀስ! ክሩን ታበላሸዋለህ!» «አያ፣ እጅዎን ያንሡልኝማ፣ ጥላ ሆኑብኝ!» «ጥላ አልከኝ? አባትህም እንዲህ ባለጌ ነበር!» አንደኛው ተቀየረ። ሁለተኛውን ጀ. ሲያስገባ ብረቱ ጣቱን አቃጠለው። ጅግለሯ አምልጣ ወደቀች።

ሦስታችንም መሬት ላይ። የእኔ ጉልበት፣ የአያ ታደሰ ሆድ፣ የጀ. የተቃጠለ እጅ። ጠጠሩን በመዳፋችን እያበጠርን። ሌላ የለንም። ያ አላህ አልኩ፣ አያ ታደሰም እመብርሃን አለ። አሸዋው ላይ አልነበረችም። ጀ. ከሞተሩ ሥር ገብቶ ዘይት የተጋገረበት ብረት ላይ ተጣብቃ አገኛት።

ገጠመ። ቁልፍ ቢያዞር ባትሪው አቃሰተ፣ ሞተ።

ሰው ገፍቶ ወደ ላይ አያስነሣትም፣ ዳገት ነው። ያለው መንገድ አንድ፦ ወደ ኋላ ማንከባለል። የኋላ ማርሽ አስገብቶ፣ ቁልቁለቱ ራሱ እንዲያዞራት። ኩርባው ከኋላችን ነው፣ ከኩርባው ማዶ ገደል። ጀ. ይውረዱ አለኝ። አልወርድም አልኩት። «እትዬ፣ አይቀልዱ።» አልወርድም። አያ ታደሰ እየሮጠ ወርዶ ኩርባው ላይ ቆሞ በባርኔጣው መኪና አስቆመ። ከዚያ ድንጋዩን አነሡ።

ተንከባለልን። ዳሽቦርዱን ጨበጥኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ የፊት መስታወቱ ላይ የደሴ መንገድ እየራቀ ሲሄድ አየሁ። ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውን ፔዳል፣ ለቀቀ። አንገቴ ተመታ። ሞተሩ አጓራ። ፍሬን። ከገደሉ ጫፍ ምን ያህል እንደቀረን አልጠየቅሁም፣ አያ ታደሰ ግን ሲመለስ በበሩ ተደገፈ።

ከዚያ ወዲያ አንድም ሳል የለም። ወጣች። ጭስ የለም። ጀ. ሳያቋርጥ ያዳምጣታል። ደሴ ስንገባ ሰው ዞር ዞር ብሎ ያያል። ሰፈሬን አያውቀውም፤ ግራ፣ ቀኝ እያልኩ መራሁት። ደጄ ላይ ቆመች።

ሼህ ይመርና ሽማግሌዎቹ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። ቆራሌው ከነሚዛኑ። ሼህ ይመር ተነሥተው መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ አኖሩ፣ ሙቀቱን አይተው አነሡ። በራሷ ነው አሉ። የዘሃራ ናት አሉ። ቆራሌው ሚዛኑን እያነሣ ሌላ የሚሸጥ ብረት ካለ ጠየቀኝ። አያ ታደሰ እኔን መዝነኝ አለው።

ሁሉም ሲሄዱ ጀ. ኮፈኗን ከፍቶ ቀረ። መወሰን አለብዎት ማለቱ ነው። በዚህ ጅግለር ወደ ኮምቦልቻ ከወረደች ፒስተኗ ይቀልጣል። ለመውረድ በፈለግን ቁጥር ሐረጎ ላይ ቆሞ መቀየር አለ። ወይም መካከለኛ አለ፣ ከአንዱ የሚጠብ፣ ከሌላው የሚሰፋ፤ ሁለቱም ከተማ ትሄዳለች፣ ሁለቱም ከተማ ግን ደህና አትሆንም። እሱ መካከለኛው ይሻላል ባይ ነው። ለሁላችንም ትሆናለች አለ።

እኩሌታ አልፈልግም አልኩት። ዕድሜዬን ሙሉ እኩሌታ በልቻለሁ። ለደሴ ይሁን፤ ሐረጎን ከእንግዲህ አትወርድም።

አንገቱን ደፋ። መፍቻዎቹን መሰብሰብ ጀመረ።

አልጨረስኩም አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተህ ንዳት። መንገዱን አሁን አውቀኸዋል።

ቀና አለ። «እናቴስ?»

ኮፈኗን ዘጋሁ። እሷም ትምጣ፣ ሚኒባስ አለላት አልኩት።